ሦስት ሰርቨር ልቆልፍ የተነሣሁ ለታ

እኔ በሙያዬ የኮምፒውተር ሰው ነኝ። ይህን ስል ግን እንዳትፈሩኝ። የምሠራው ወላይታ ሶዶ ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ የኮምፒውተር ሰው ማለት ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የሚመለከተው ሰው ማለት ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲውጥ እኔ እጠራለሁ። የአዳራሹ ማይክራፎን ሲያፏጭ እኔ እጠራለሁ። አንድ ጊዜማ የሥራ አስኪያጁ መኪና አልነሣ ብላ ተጠርቼ፣ ኮፈኗን አስከፍቼ፣ ምንም እንደማላውቅ እያወቅሁ ለረጅም ጊዜ ራሴን ስነቀንቅ ቆየሁና «ባትሪው ነው» አልኩ። ባትሪው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ክብሬ ከእውቀቴ በላይ ሆኖ ይኸው እስከ ዛሬ አበሳዬን ያሳየኛል።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ሰርተፍኬት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አይደለም የምላችሁ፤ ድረ ገጽ የሚይዘውን ነው። ኤስ ኤስ ኤል ይባላል። ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ይህ ሰርተፍኬት ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ እናንተ ኮምፒውተር ላይ የጻፋችሁት ነገር ወደ ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹን ወደያዘው ኮምፒውተር፣ ሲሄድ መንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ይቆልፈዋል። ሁለተኛ፣ ሰርቨሩ «እኔ ነኝ» ሲል እውነትም እሱ መሆኑን እንደ መታወቂያ ያሳይለታል። መታወቂያ ስለሆነም የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀን አለው የሚለውን ነገር ያኔ እኔም እንዲህ ረጋ ብዬ አስቤው ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩ ነበር።

ዩኒየናችን በኢንተርኔት የሚሠሩ ሦስት መተግበሪያዎች አሉት። የአባላት መዝገቡ ሰርቨር ሶዶ ነው፤ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ስለተቀመጠ እሱን የጠገነ ሰው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በጠረኑ ታውቀዋለች። የመጋዘን መቆጣጠሪያው ሰርቨር አረካ ቅርንጫፋችን ነው። ሦስተኛው፣ ገበሬዎች በየማኅበራቸው በኩል ምርጥ ዘር የሚጠይቁበት፣ በኪራይ ሰርቨር ላይ ነው ያለው፤ የት አገር እንደሆነ እኔም በውል አላውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታደለ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ከትልቅ ስብሰባ መመለሳቸው ነው። እዚያ የዘር መጠየቂያችንን በትልቅ ስክሪን አሳይተው፣ እንግዶቹ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን ሲያነሡ አንዱ ጎበዝ ከአድራሻው ጎን የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበው። «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ይላል።

«ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈብን?» አሉኝ።

«ብራውዘሩ ነው፤ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም።»

«ይጥፋ!»

«ብራውዘሩ?»

«ጽሑፉ! የሌሎቹ ላይ እኮ የተቆለፈ ቁልፍ ምልክት አለ። የኛ በር ለምን ክፍት ይሆናል? እስከ ሐሙስ ሦስቱም ይቆለፉ።»

ሐሙስ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። የበልግ ዘር ጥያቄ ሐሙስ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። እስከዚያ ዝርዝሩን ያላስገባ ማኅበር ድርሻው ለሌላው ይከፋፈላል። በወረቀት መቀበልም ቀርቷል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ «ከእንግዲህ ወረቀት የለም» ብዬ በየወረዳው ንግግር አድርጌያለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል።

ታዲያ ለመቆለፍ ሦስት መንገድ አለ። ለየሰርቨሩ ለየብቻ ሰርተፍኬት ማውጣት አለ። ሦስቱን ስም የሚዘረዝር አንድ ሰርተፍኬት አለ። ደግሞ «ባለ ኮከብ» የምንለው አለ፤ ከስሙ ፊት አንዲት ኮከብ ይደረግና በዩኒየናችን ስም ሥር ያለውን ሁሉ ባንዴ፣ በአንድ ምሥጢራዊ ቁልፍ ይሸፍናል። እኔ ደግሞ ምርጫ አይሆንልኝም። ጫማ ልገዛ ሶዶ ገበያ ወጥቼ ሦስት ሱቅ አይቼ፣ ተመልሼ የመጀመሪያውን አስወርጄ፣ በመጨረሻ የማይሆነኝን ይዤ የምገባ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱ ቢመጣ ለብቻዬ እንዳይሆን ጉዳዩን ለግዥ ኮሚቴ አቀረብኩ።

የግዥ ኮሚቴያችን ከእርሳስ እስከ ትራክተር የሚገዛው በአንድ ቅጽ ነው። ሰብሳቢው ቅጹን ዘርግተው ክብደቱን ጠየቁኝ። ክብደት የለውም አልኩ። ቀለሙን ጠየቁኝ። ቀለምም የለውም አልኩ። ስንት ካርቶን እንደሚሆን ሲጠይቁኝ ደከመኝና «አንድ» አልኩ፤ አንድ ተብሎ ተሞላ።

ከኮሚቴው አባላት መካከል የንብረት ክፍሉ አቶ ባሳ አሉ። የሦስት መጋዘን ቁልፍ ቀበቷቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚሄዱ መምጣታቸው ከሩቅ ይሰማል።

«ባለ ኮከቡ አንድ ቁልፍ ነው ያልከው?» አሉ።

«አዎ፤ ያው አንዱ ቁልፍ ሦስቱም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል።»

«ሶዶም፣ አረካም፣ ያ ኪራዩም ጋ?»

«ሦስቱም ጋ። ለአሠራር ይቀላል።»

«እኔ ለሦስት መጋዘን ሦስት ቁልፍ ነው የያዝኩት። ለምን ይመስልሃል? ቁልፏ አረካ ላይ ብትጠፋ፣ ሶዶ ማን ይተኛል?»

እንደ ባለሙያ ፈገግ አልኩ። ይህን ፈገግታ ታውቁታላችሁ፤ ሐኪም ታማሚው በሽታውን ራሱ ሲናገር የሚያሳየው ነው። «አቶ ባሳ፣ ይሄ የዲጂታል ቁልፍ ነው፤ አይጠፋም» አልኳቸው። ባለ ኮከቡ ተገዛ።

ማክሰኞ ሶዶ ያለውን ጫንኩት። የቁልፏ ምልክት ከአድራሻው ጎን ብቅ ስትል አቶ ታደለ ጸሐፊዋን፣ ጥበቃውን፣ ሒሳብ ክፍሉን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። ጥበቃው አጎንብሶ አይቶ «ትንሽ ናት» አለ፤ ቢሆንም ተጨበጨበ። እኔም በዚያ ስሜት የቁልፉን ፋይል በፍላሽ ገልብጬ ወደ አረካ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በኢንተርኔት መላክ ይቻል ነበር፤ ግን ዳሞታ ተራራ ጫፉ ላይ ጉም ከደፋ የኛ ኔትወርክ አብሮ ይደፋልና በኪስ ይሻላል ብዬ ነው።

አረካ ደረስኩ። ወረድኩ። ኪሴ ገባሁ። የግራው ባዶ፣ የቀኙ ባዶ፣ የጃኬቱ ውስጥ ደግሞ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። እየሮጥኩ ወደ መናኸሪያ ስመለስ ሚኒባሱ ሰው ጭኖ ሊወጣ ነው። በየወንበሩ ሥር ገባሁ፤ ተሳፋሪውን ሁሉ አስነሣሁ፤ አንዲት እናት ከነዶሯቸው ተነሡልኝ። ሹፌሩ የጠፋብኝ ፍላሽ መሆኑን ሲሰማ «ሰው መስሎኝ ደንግጬ ነበር እኮ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ፍላሹ ላይ የዩኒየኑ ስም በማርከር ተጽፏል። ውስጡ ያለውን ፋይል ደግሞ ማንም እንዳይቸገር ብዬ «ቁልፍ» ብዬ ሰይሜዋለሁ።

የቁልፉ ግልባጭ ሰው እጅ ከገባ ያ ሰው እኛን መስሎ መቆም ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አረካ ላይ ብቻ ሳይሆን ሶዶ ላይ የተጨበጨበላትንም ቁልፍ ማሰረዝ ነበረብኝ። ለአቶ ባሳ መንገር ነው የከበደኝ።

«የት ነው የጠፋችው?» አሉኝ።

«አረካ።»

አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቀበቷቸው ላይ ያሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ በአንድ ዳሰሱና «ሦስቱም አሉ» ብለው ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት እሳቸው ያሉኝን አደረግሁ። ለሦስቱም ሰርቨር ለየራሱ፣ በነጻ የሚሰጠውን፣ ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ሰርተፍኬት አወጣሁ። ቁልፉ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተወልዶ እዚያው ይቀራል፤ የኔን ኪስ አያውቅም። ሶዶ ተቆለፈ። አረካ ተቆለፈ። የዘር መጠየቂያውም ተቆለፈ። ስልኬ ላይ ሦስቱንም ደጋግሜ ከፍቼ አየሁ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ቁርጥ ሥጋ ከነሚያቃጥለው ዳጣ አዝዤ ግማሽ ከበላሁ በኋላ ስልክ ተደወለ።

የደወሉት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። የጉኑኖው ማኅበር ጸሐፊ ናቸው፤ የአባላቱን ዝርዝር የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው።

«ሳሮ፣ እትዬ ወርቅነሽ! ገጹ ተቆልፎ መጣ?»

«ሳሮ፣ ኢሻ» አሉኝ፤ ሰላም፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «ቀይ ሆኖ ነው የመጣ። ቁልፉ ላይ መስመር ተሰምሯል። እንግሊዝኛ ጽፏል።»

«ምን ይላል?»

ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል አነበቡና «‹ሰዓትህ ወደ ኋላ ነው› መሰለኝ የሚለው» አሉ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። ዳጣው አይደለም። «ይተዉት እትዬ፤ ኮምፒውተር ብዙ ነገር ይላል። ወደ ታች ወርደው ‹ቀጥል› የሚለውን ይጫኑና ይለፉት» አልኳቸው።

ደብተር ሲገለጥ ተሰማኝ።

«በስልጠናው ላይ ቀይ ገጽ ካያችሁ ወደ ውስጥ አትግቡ፤ በሩ ላይ ሌባ ቆሟል ማለት ነው ያልከን አንተ አይደለህ? ጽፌዋለሁ።»

«ብያለሁ፤ ግን ይሄኛው...»

«ይሄኛው ሌባ ዘመድህ ነው?»

ዳጣውን ገፋ አደረግሁት።

«ስማኝ ኢሻ፤ እዚህ ደብተር ላይ የሁለት መቶ ምናምን ሰው ስም አለ። ስልኩ አለ፣ የመሬቱ ስፋት አለ። አምኖ ነው የሰጠኝ። ቀይ ሆኖ አልገባም።»

እውነታቸውን ነው። ዝርዝሩን በስልክ ልቀበልና እኔ ላስገባው እንዳልል፣ የሚገባው በጸሐፊው የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ ያልኩትም እኔው ነኝ። በዚያ ስልጠና ላይ ያላልኩት ነገር አልነበረም። የእትዬ ወርቅነሽ ስልክ ደግሞ ባለ ቁጥሩ ነው፤ ድረ ገጽ አይከፍትም። ቁልፉን ላንሳው ብል፣ አቶ ታደለ «ተቆልፈናል» ብለው ላገር ምድሩ አውጀዋል። ጉኑኖ ደግሞ ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት የቦሎቄ ዘሩን ሊያጣ ነው። ያን ሁሉ ቤተሰብ በኔ ቁልፍ ምክንያት ዝናብ ሲመጣ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ላደርገው ነው። ቁርጡን ትቼ፣ ሒሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ።

ጥፋቱ የሰርተፍኬቱ መሆን አለበት ብዬ አዲስ አወጣሁ። ደወልኩ፤ ቀይ ነው። ያንን ጥዬ ሌላ አወጣሁ፤ ቀይ ነው። አራተኛ፣ አምስተኛ አወጣሁ። ስድስተኛውን ስጠይቅ ነጻ ሰጪው ራሱ ለዚህ ስም በዚህ ሳምንት ይበቃሃል ብሎ መለሰኝ። በነጻ የሚሰጥ እንኳ እኔን ሰልችቶ ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ በጠዋት ጉኑኖ ወረድኩ። የማኅበሩ ቢሮ አንድ ክፍል ናት፤ ኮምፒውተሩ ጥልፍ ያለው ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ደጅ አቮካዶው ሥር ገበሬዎች ተሰብስበዋል፤ ስማቸው መግባቱን ሳያዩ ላይሄዱ ነው። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ አቶ ዳና ይባላሉ፣ ቦርሳዬን አይተው ጠጋ አሉኝ።

«ዘሩን ይዘህ መጣህ?»

«አይ አባባ፣ የሰርተፍኬት ሥራ ነው።»

«ይበቅላል?»

«እንግዲህ እናያለን» አልኩ። ከዚህ የበለጠ እውነት ያን ሳምንት አልተናገርኩም።

ገባሁና ጀመርኩ። ብራውዘሩን አጥፍቼ ሌላ ጫንኩ። የኢንተርኔት ሳጥኑን ነቅዬ ተከልኩ። ገመዱን አራገፍኩ። እንደዚያ መኪና ጊዜ ራሴን ብነቀንቅም የሚሰማኝ አጣሁ፤ ኮምፒውተሩ ቀይ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ሰባት ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ወንበሩ ላይ ዘፍ ስል ዓይኔ ስክሪኑ ታችኛው ጥግ ላይ አረፈ። ወር፣ ስድስት። ዓመት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።

«እትዬ... ይሄ ቀን...»

«የካቲት አይደለም እንዴ? ስድስተኛ ወር። ዓመቱም ዘንድሮ ነው። ተሳሳተ?» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«በእጅዎ ነው የሞሉት?»

«ታዲያስ! በየወሩ መባቻ አስተካክለዋለሁ። ተወት ካደረግከው ሠላሳ አንድ ይላል፤ ጉድ እኮ ነው። ሁለተኛው ወር ጥቅምት ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀን እምቢ ይለኛል። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቅም፤ ያን ሳምንት ኮምፒውተሩን አልብሼ በእጄ ነው የምጽፍ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ይህ ኮምፒውተር በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ስድስተኛው ወር፣ ጁን ውስጥ ነው የሚኖረው። እኔ ያመጣሁለት ሰርተፍኬት ደግሞ የተሰጠው ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት ላይ ነው። ገና ከስምንት ዓመት ግድም በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አስገባኝ እለዋለሁ። ሳይቆለፍ በፊት ይሠራ የነበረው ቀን የሚጠይቅ ስላልነበረ ነው። ሰዓትህ ወደ ኋላ ነው ብሎ ቁልጭ አድርጎ ነግሮኛል፤ እትዬ ወርቅነሽም አንብበውልኛል፤ ይተዉት ያልኩት እኔ ነኝ።

«ግን እትዬ፣ ማን እንዲህ ያድርጉ አለዎት?»

በእስክሪብቷቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ከኮምፒውተር የሚወጡ ደብዳቤዎች በሙሉ ቀናቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሆን፣ ያልሆነውን እንደምንመልስ በጥብቅ ያሳስባል። ከታች «አዘጋጅ» ከሚለው ጎን ያለው ፊርማ የኔ ነው።

መጀመሪያ እኔ ሳቅሁ። ከዚያ ምን እንደሚያስቀኝ ስነግራቸው እትዬ ወርቅነሽ ሳቁ፤ ጠረጴዛውን ይዘው ነው የሳቁት። ደጅ ያሉትም ወሬው ሲደርሳቸው ሳቁ፤ ሰርተፍኬቱ ገና አልተወለደም ተብሎ ነው የተነገራቸው። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሞኝነቴን የወደድኩበት ጊዜ የለም።

ቀኑን ወደ ፈረንጁ አስተካከልኩና ገጹን እንደገና ከፈትኩ። ቀዩ ጠፋ። ቁልፏ ግጥም ብላ ተቀመጠች። እትዬ ወርቅነሽ ቶሎ አላመኑም፤ ጠጋ ብለው በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አድርገዋት፣ ከላይ የተጻፈውን ስም ከደብተራቸው ጋር አመሳክረው፣ ከዚያ «ሎኦ፣ ጥሩ ነው፤ አሁን እንገባለን» አሉ።

እሳቸው በሁለት ጣት ይጽፋሉ፤ እኔ ከደብተሩ አነብላቸዋለሁ። አንድ ስም ላይ ተሳስቼ ስልክ ቁጥሩን ሳዛውር ቀና ብለው አዩኝና ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም። በመሐል ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። የመጨረሻው ሰው ስም ገብቶ «ተቀብለናል» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ ሲመጣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ደጅ ጩኸት ሆነ። እትዬ ወርቅነሽን አቅፌ ሳምኳቸው።

ፕሪንተሩ ለየሰዉ ደረሰኝ ማውጣት ጀመረ። አቶ ዳና የራሳቸውን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ወጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አነበቡና ተመልሰው መጡ። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይሄንን አልቀበልም።»

«ምን ሆነ አባባ? ስምዎ ተሳሳተ?»

«ስሙ የኔ ነው። ቀኑን እይልኝ። ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት ይላል። እኔ ቦሎቄ የጠየቅሁት ለዘንድሮ በልግ ነው እንጂ ለልጅ ልጄ አይደለም።»

በሩ ላይ የቆመው ሁሉ የየራሱን ደረሰኝ ተመለከተ። ከመካከላቸው አንዱ «ስምንት ዓመት!» አለ። እኔ ተነሥቼ ስለ ሁለቱ አቆጣጠር ማስረዳት ጀመርኩ፤ ያልተወለደውን ሰርተፍኬትም ጨመርኩበት፤ ባስረዳሁ ቁጥር ሰዉ ደረሰኙን ከራሱ እያራቀ ያዘው።

እትዬ ወርቅነሽ አላስጨረሱኝም። ደረሰኙን ስበው በእስክሪብቶ የፈረንጁን ቀን ሰረዙት፣ ከጎኑ የኛን ጻፉበት፣ ፈረሙ። ማኅተሙን ለኔ ገፉልኝ። ከእንግዲህ ወረቀት የለም ብዬ የተጨበጨበልኝ ሰው፣ ሁለት መቶ ምናምን ወረቀት ላይ ማኅተም እየመታሁ አመሸሁ። ጣቴ እስከ ቅዳሜ ሰማያዊ ነበር።

አቶ ዳና የታረመውን ደረሰኝ አንብበው፣ አራት አጥፈው፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አሁን ዘንድሮ ሆነ። ቦሎቄው ሲደርስ ና፤ ንፍሮ ትበላለህ። ብቻ በኛ ቆጥረህ ና። በዚያኛው ከቆጠርክ፣ ስምንት ዓመት ንፍሮ አላቆይልህም።»